ቀይዋና ጥቁሯ

ፎቶ ቤት የሚሠራ ሰው በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው ወቀሳ አንድ ነው፤ «አጠቆርሽኝ!» መካኒሳ ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤታችን ይህን ሳይለኝ የወጣ ደንበኛ ጥቂት ነው። ለፓስፖርት የመጣውም፣ ለሥራ ማመልከቻ የመጣውም፣ የምረቃ ጋዋኑን ታቅፎ የመጣውም ፎቶውን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው ዓይኑን ወይም አፍንጫውን አይደለም፤ ቀለሙን ነው። «እኔ እንዲህ ነኝ?» ይላል። ነህ ማለት አይቻልም። አይደለህም ማለትም አይቻልም፤ ካሜራው የእኔ ነዋ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ፣ ለዚህ ክርክር መገላገያ የሠሯት አንዲት ካርቶን አለቻቸው። ከጫማ ሳጥን የተቆረጠች ግራጫ ካርቶን ናት፤ መሃሏ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያሳልፉ ሁለት ቀዳዳዎች አሏት። ደንበኛ ሲያስቸግር ጋሼ የሰውየውን ፊት አንዱን ጠቆር ባለ ሰማያዊ፣ አንዱን በነጭ ጀርባ አድርገው ጎን ለጎን ስክሪኑ ላይ ያወጡታል። በነጩ ላይ ያለው ፊት ጠቁሮ ይታያል፤ በሰማያዊው ላይ ያለው ፈካ ይላል። ከዚያ ካርቶኗን ስክሪኑ ላይ ያስጠጉና በቀዳዳዎቹ የሁለቱ ጉንጭ ብቻ እንዲታይ ያደርጋሉ። «በል እስቲ፣ የትኛው ነው የጠቆረው?» ሰውየው ዓይኑን ያጠባል፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች አንድ ናቸው። ካርቶኗ ስትነሳ ደግሞ በነጩ ላይ ያለው ፊት ተመልሶ ይጠቁራል። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ «በኮምፒዩተር ልትሸውዱኝ ነው» ብሎ ይብስበታል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ስንት ዓመት ካርቶኗን ሳነሳና ሳስቀምጥ ኖሬ፣ እውነቱን እያወቅኩት፣ ዛሬም ካርቶኗ ስትነሳ ያ ፊት ይጠቁርብኛል።

ነገሩ ምስጢር የለውም። ዓይን ብርሃን አይለካም፤ ያወዳድራል። ቀትር ላይ ፀሐይ የሚመታው ጥቁር መኪና ክፍል ውስጥ ከተነጠፈ ነጭ አንሶላ ይልቅ ብዙ ብርሃን ወደ ዓይናችን ይልካል፤ እኛ ግን መኪናውን ጥቁር፣ አንሶላውን ነጭ እንላለን፤ ትክክልም ነን። ቴሌቪዥን ጠፍቶ ሳለ ስክሪኑ ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ነገር ነው። ሲበራ ከዚያ ግራጫ የባሰ ጨለማ ማውጣት አይችልም፤ ብርሃን መጨመር እንጂ መቀነስ አያውቅማ። ግን የዜና አንባቢዋ ጸጉር ጥቁር ሆኖ ይታየናል። ያንን ጥቁር የሚሠራው ዙሪያውን ያለው ብርሃን ነው።

በዓይናችን ውስጥ ከኋላ በኩል ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት እንደ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ተሳፋሪዎች ተጣብቀው የተቀመጡ ናቸው፤ አንዱ ሲደላደል የጎኑ ሰው ይጠባል። ብዙ ብርሃን የደረሰው ሕዋስ የጎረቤቱን ድምፅ ያፍናል። ከዚያ አእምሮ የራሱን ግምት ይጨምርበታል፤ ይሄ ጥላ ነው፣ ይሄ ፀሐይ ነው እያለ ይቀንሳል፣ ይደምራል። እንዲህ ባያደርግ ኖሮ ደመና ባለፈ ቁጥር የሰው ሸሚዝ ቀለሙን ይቀይርብን ነበር። ስለዚህ ዓይን ሲሳሳት ሥራውን እየሠራ ነው የሚሳሳተው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ እህቴ ለማውራት ነው።

እህቴ በሁለት ዓመት ታናሼ ነበረች። ኩላሊቷን ታማ ብዙ ቆየች፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሞተች። የምትኖረው ለቡ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእናቴ ጋር ነበር። እኔ መካኒሳ ተከራይቼ፣ በየሰንበቱ እየሄድኩ አያቸው ነበር።

በቀብሯ ቀን አላለቀስኩም። ሰልስቱም ላይ አላለቀስኩም። ማልቀስ ፈልጌ እምቢ አለኝ ማለቴ አይደለም፤ የሚያለቅሰው ሰው ውስጤ አልነበረም። ደንዝዤ ነበር። እድሩ የተከለው ድንኳን ሰማያዊ ሸራ ነበረውና ብርሃኑ ሲያልፍበት የለቀስተኛውን ፊት ሁሉ ሰማያዊ አድርጎት ነበር፤ እኔ ተቀምጬ የማስበው ይህንን ለማስተካከል ምን ያህል ቢጫ እንደሚያስፈልግ ነው። የእናቴ ጎረቤት የሆኑ ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጠው ጉልበቴን እየመቱ፣ «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ በሆድሽ አትያዢው፣ ይውጣልሽ» ይሉኝ ነበር። «እሺ እትዬ» እላለሁ። እሺ ማለት አይከብድም።

እናቴ ለሁለታችንም የሚሆን አለቀሰች። እህቴ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ እናቴ ቀና ብላ ፊቴን አታየኝም። ስታናግረኝ እጄን ወይም የያዝኩትን ነገር ነው የምታየው። ውሃ ሳቀብላት ብርጭቆውን ታያለች። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ አንድ ከሰዓት ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ፣ ወለሉን እያየች እንዲህ አለችኝ፦

«ያቺን ቀይ ልጄን በትልቁ አሠሪልኝ።»

«ፎቶዋን ነው?»

«አዎ። ለአርባዋ ግድግዳው ላይ ትሁንልኝ። መልኳ እየጠፋኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን የታመመችው ነው የምትመጣብኝ፤ እሷን አልፈልጋትም። ጤነኛዋን አምጪልኝ።»

«እሺ እማዬ» አልኳት። ሥራዬ ነው፤ የማላውቃቸውን ሰዎች ሙታን ስንቴ በትልቁ ሠርቻለሁ። እናቴ በዕድሜዋ ከእኔ የጠየቀችው ነገር ትንሽ ነው። ይህን ደግሞ ማበላሸት አልፈለግኩም። ፎቶዋን ካመጣሁላት ቀና ትል ይሆናል ብዬም አስቤአለሁ።

ቀይ ልጄ ያለችው ልማድ ሆኖባት ነው። እኛ ቤት ቀይዋና ጥቁሯ ነበርን። ላፍቶ ገና እርሻ ሳለ፣ አባቴ ጤፍ ይዘራበት በነበረው መሬት ጫፍ ላይ፣ በኖራ የተቀባች የጭቃ ቤት ነበረችን። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ታስተዋውቀናለች፤ «ይቺ ቀይዋ ናት፣ ያቺ ጥቁሯ።» ክፋት አልነበረውም። ዘመዶችም መልካችን አንድ ነው፣ የለየን ቀለማችን ነው ይሉ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ማንም መለስ ብሎ አይቶን አያውቅም። እኔም ራሳችንን አይቼ አላውቅም። ልብስ ሳጥብ ጥቁሯ ነበርኩ፣ ትምህርት ቤት ስሄድ ጥቁሯ ነበርኩ። ተናድጄበት አውቃለሁ ወይ ብትሉኝ፣ ልጅ ሳለሁ አዎ። በኋላ ግን ሰው በቁመቱ እንደማይናደደው ሆንኩ።

እህቴ ግን አንድ ጨዋታ ነበራት። ስንተኛ ትጠጋኝና ጉንጯን ከጉንጬ ጋር አጣብቃ ታሸዋለች። «ትንሽ ላካፍልሽ» ትለኛለች። አድገንም አልተወችውም። ሰላም ስትለኝ ሦስቴ ከሳመችኝ በኋላ በአራተኛው ጉንጯን አሻሽታ፣ «ያዥ፣ ድርሻሽን» ትለኛለች፤ ሰው ፊት ሳይቀር። እኔ እገፋታለሁ። ሆስፒታል ተኝታ ሳለችም አንዴ ብላኛለች። ያን ጊዜ ጉንጯ አጥንት ሆኖ ነበር።

እናቴ ደግሞ ለጥቁሯ ልጇ መድኃኒት ነበራት፤ ነጭ ልብስ። «ነጭ ፊትን ያበራል» ትላለች። ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ለሰርግ፣ ለእኔ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ሹራብ፣ ነጭ ሻሽ ትገዛለች። ለእህቴ ያገኘችውን ታለብሳለች፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቡና ዓይነት፣ ጥቁር፤ «ቀይ ሰው ምን ቢለብስ ያምርበታል» እያለች። በፍቅር ነበር የምታደርገው፤ ነጩን ለማንጣት ስንት ሳሙና ትጨርስ እንደነበር አውቃለሁ። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ስወጣ ራቅ ብላ ታየኛለች፤ ከዚያ ከንፈሯን ትመጣለች፤ «አሁንም አልፈካሽም» እንደማለት። በሚቀጥለው በዓል የባሰ ነጭ ትገዛለች።

ወደ ፎቶው ልመለስ። መጀመሪያ የእህቴን ስልክ ከፈትኩ። ፎቶ ሞልቶታል፤ ግን ሁሉም በፊልተር የተነሳ ነው። ቆዳዋ እንደ ሕፃን፣ ዓይኗ የፊቷን ግማሽ የሞላ፣ ከንፈሯ ቀይ። ከመታመሟ በፊት ያለውን አንዱን መርጬ ለእናቴ በስልኬ አሳየኋት። ስልኩን ራቅ አድርጋ ያዘችው፣ ከዚያ አቀረበችው።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ።

አላሾፈችም። ከልቧ ነው የጠየቀችው።

ከዚያ በኋላ የቀረን እናቴ አልጋ ራስጌ የተሰቀለው በፍሬም ያለ ፎቶ ብቻ ነበር። የላፍቶው ቤት ከመፍረሱ በፊት በመጨረሻው እንቁጣጣሽ የተነሳነው ነው፤ እኔ ፎቶ ቤት ሥራ ከመጀመሬ በፊት። ሁለታችንም ትልልቅ ሴቶች ነን፤ እኔ እንደ ደንቡ ነጭ ቀሚስ፣ እሷ ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ ለብሰን ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመናል። ከእኔ ኋላ ለበዓሉ አዲስ ኖራ የተቀባው ግድግዳ አለ። ከእሷ ኋላ በሩ ተከፍቶ የቤቱ ውስጥ ጨለማ ይታያል። ፀሐዩ የሁለታችንንም ፊት ከፊት ለፊት መቶታል። እሷ ሻማ መስላለች፣ እኔ የሻማው ክር። ይህን ፎቶ ስንት ዓመት እያየሁት ኖሬአለሁ።

ፍሬሙን መካኒሳ ወስጄ ስከፍተው ችግር ገጠመኝ። ክረምቱን ሙሉ ከኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ውሃ ያፈስ ነበር፤ እርጥበቱ ገብቶ ፎቶውን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆታል። ቀስ ብዬ ሳላቅቀው የእህቴ ግራ ጉንጭ መስታወቱ ላይ ቀረ። ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ ድረስ ወረቀቱ ብቻ ቀረ። ጋሼ በትከሻዬ ላይ አይተው «ኧረ!» አሉ። እኔ ስካን አደረግኩት።

እንዲህ ያለ ጉዳት ስናድስ ከዚያው ሰው ፊት ላይ ጤነኛ ቆዳ ቆርጠን በጎደለው ላይ እንለጥፋለን። የእህቴ ሌላኛው ጉንጭ ግን አልሆነኝም፤ ፊቷን ዘወር አድርጋ ስለነበር ጥላ ውስጥ ነው። በፎቶው ላይ ያን ፀሐይ በዚያው በኩል የተቀበለ አንድ ሌላ ጉንጭ ብቻ ነበር። የእኔ። አጥንታችን አንድ ነው፤ ቅርጹ ይሆናል፤ ቀለሙን በኋላ አነጣዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ከጉንጬ ላይ ቆርጬ ወደ እሷ ፊት ጎተትኩት።

ጠፋ።

ፕሮግራሙ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። አልተዘጋም። የለጠፍኩት ቁራጭ እህቴ ፊት ላይ ገብቶ ጠርዙ ጠፍቶብኝ ነው። በዓይኗ ሥር ከቀረው ቆዳ ጋር መገጣጠሚያው አይታይም። ማንጣት የሚባል ነገር አላስፈለገውም። ቁራጩን መልሼ ወደ ራሴ ፊት ወሰድኩት፤ እየሄደ ሳለ ዓይኔ ፊት ጠቆረ፤ ነጩ ግድግዳ ጋ ሲደርስ የጥቁሯ ሆነ። መልሼ ወደ እሷ ጎተትኩት፤ በሩ ጨለማ ጋ ሲደርስ ቀላ። ካርቶኗን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ ስክሪኑ ላይ አስጠጋኋት። በአንዱ ቀዳዳ ግንባሬ፣ በሌላው የእህቴ ግንባር። አንድ ናቸው። አገጭ ከአገጭም አየሁ። ትንሽ ልዩነት ቢኖር እንኳ ሰው ስም የሚያወጣለት አልነበረም።

በዚያች ሰዓት ምን ተሰማሽ ብትሉኝ ምንም ነው የምለው። ዓይን ለራሱ ባዳ ነው ይባላል፤ የስንቱን ሰው ፊት ሳርም ውዬ የራሴን አንድ ቀን እንኳ በዚያች ካርቶን አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ነጭ ቀሚስ አሰብኩት። ነጭ ጨርቅ ከሥር ሲሆን ለአገጭ ትንሽ ብርሃን ይመልሳል፤ እኛም ስቱዲዮ ውስጥ እንጠቀምበታለን። ግን ሰው ዙሪያውን ነጭ ለብሶ ሲቆም የሚያየው ዓይን ፊቱን ያጠቁረዋል። እናቴ እኔን ለማፍካት በለፋች ቁጥር እያጠቆረችኝ ኖራለች። ጋሼን ጠርቼ ላሳያቸው አሰብኩና ተውኩት። ሌላ ደንበኛ መጥቶ ነበር።

የእህቴን ፊት ጨርሼ ከደጃፉ ቆርጬ አወጣኋትና እንደ ፎቶ ቤታችን ደንብ ነጭ ጀርባ አደረግኩላት። የሞተ ሰው ፎቶ ላይ ነጭ ወይም ደመና ነው የምናደርገው፤ ሰው ንጹሕ ይመስለዋል። እጄ በልማድ ነው የሠራው። አሳትሜ በማግስቱ ለቡ ይዤላት ሄድኩ።

እናቴ ፎቶውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አየችው። ጣቷን በእህቴ ዓይን፣ በጸጉሯ ላይ አስኬደች። ከዚያ ፎቶውን መለሰችልኝ።

«ይቺማ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«እሷ ናት፣ እማዬ። የላፍቶው ፎቶ ነው።»

«አንቺ ነሽ። ልጄን አላውቃትም እንዴ? ልጄ ቀይ ነበረች። አንቺን ምን ያደርግልኛል? እሷን አምጪልኝ አልኩሽ እንጂ።»

ይህን ስትልም እጄን ነው የምታየው። ፎቶውን በፌስታል መልሼ ጠቀለልኩትና ወጣሁ።

አልከፋኝም። ቢከፋኝ ደስ ይለኝ ነበር። ታክሲው በላፍቶ በኩል ሲያልፍ ቤታችን በነበረበት ቦታ ላይ የቆመውን ባለ መስታወት ሕንፃ አየሁት፤ ሰማዩ ሁሉ ላዩ ላይ ነበር። «አንቺን ምን ያደርግልኛል» የሚለውን ቃል መልሼ መላልሼ ለራሴ አልኩት፤ ጥርስ ካስነቀሉ በኋላ ድድን በምላስ እንደሚነካኩት። የማደንዘዣው መርፌ ገና አልለቀቀኝም ነበር።

ጋሼ ፎቶውን ተመልሶ ሲያዩት ገባቸው።

«ፊቷን ነጣ አድርጊላት በቃ» አሉኝ። «የእናት ነገር ነው፣ ብርሃኑን ትንሽ ጎተት አድርጊውና ይገላግልሻል። ለሰው ሁሉ ስናደርገው አይደል?»

«የእህቴን ፊት አልነካም» አልኳቸው።

ድምፄ ጮክ ብሎ ኖሮ ሁለታችንም ደነገጥን። በሥራ ቦታ ጮኼ አላውቅም። ለምን እንደጮህኩም ያን ጊዜ አልገባኝም። በዚያ ፊት ላይ የቀረ እውነተኛ ነገር ቢኖር ፀሐዩ የሰጣት ድምቀት ነው፤ እሱን ከነካሁት የስልኳ ፊልተር ሆነች። ጋሼ እጃቸውን አንስተው «እሺ፣ እሺ» አሉና ሄዱ።

ነጩን ጀርባ አጠፋሁትና የቤታችንን በር ጨለማ መለስኩላት። እሱን ብቻ። ፊቷ ላይ አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። እህቴ ስክሪኑ ላይ ቀላች። እያወቅኩ፣ በገዛ እጄ ሠርቼው፣ ቀላችብኝ።

አርባዋ ጥቅምት መግቢያ ላይ ዋለ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እናቴ ቤት ጸበል ጻዲቅ ቀረበ፤ ጎረቤቱ፣ እድርተኛው፣ የላፍቶ ዘመድ ሁሉ ሳሎኑን ሞላው። ፎቶውን በጠዋቱ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳለች፣ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ሰቅዬው ነበር። ካርቶኗንም ይዣት ነበር፤ ከጋሼ ለምኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼአታለሁ። እንግዳው ሲሄድ እናቴን ቁጭ አድርጌ ሁለታችን ያለንበትን የላፍቶውን ፎቶ በሁለቱ ቀዳዳዎች ላሳያት ቆርጬ ነበር። የምለውንም አዘጋጅቻለሁ፤ «እይ እማዬ፣ አንድ ነን። ሁልጊዜም አንድ ነበርን።» በእውነት ለመናገር ከአርባው ይልቅ ይህንን ነበር የጠበቅኩት።

እናቴ ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ፎቶውን አየችው።

«መጣሽልኝ» አለች።

ቀስ ብላ ተጠጋች። ሁለት እጇን በፍሬሙ ግራና ቀኝ አድርጋ ልጇን መሳም ጀመረች። መስታወቱ ላይ፣ ግራ ጉንጯን፣ ደጋግማ፣ ሩቅ አገር ሄዶ እንደመጣ ሰው። «ይሄ ነው የልጄ መልክ፣ ይሄ ነው የልጄ ጉንጭ» ትላለች። ግራ ጉንጯ የእኔ ነው። እኔ ከኋላዋ እንዳትወድቅ ክንዷን ይዤ ቆሜአለሁ። ካርቶኗን በዚያች ሰዓት ተውኳት። ያገኘችውን ልጅ በሁለት ቀዳዳ ልቀማት? ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ወደ ፍራሹ መልሼ አስቀመጥኳትና ውሃ ላቀብላት ፊቷ ተንበረከክኩ። ከል ለብሻለሁ፤ ጥቁር ነጠላዬን ከቤተ ክርስቲያኑ እንደመጣሁ ከግንባሬ እስከ አገጬ ተከናንቤዋለሁ። እናቴ ብርጭቆውን ተቀበለች። ከዚያ ከብርጭቆው ላይ ዓይኗን አንስታ ፊቴን አየችው። ከእህቴ ሞት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። አየችኝና ግንባሯ ተኮማተረ።

«ምነው ልጄ፣ ቀላሽሳ?» አለችኝ። «አመመሽ እንዴ?»

የነጠላው ጥቁረት ነው ማለት እችል ነበር። በዕድሜዬ ጥቁር አልብሰሽኝ ስለማታውቂ ነው ማለት እችል ነበር።

«አላመመኝም፣ እማዬ» ልል አፌን ከፈትኩና ቃሉ አልወጣ አለ። በምትኩ የወጣው ሌላ ድምፅ ነው፤ መጀመሪያ የማን እንደሆነ እንኳ አላወቅኩትም። ጭኗ ላይ ተደፋሁ። እህቴን በስሟ ጠራኋት፤ ድርሻሽን ውሰጂ አልኳት፤ ሌላም ብዙ አልኩ። ከኋላዬ እኚያ የእናቴ ጎረቤት፣ «እሰይ፣ ተመስገን፣ ወጣላት» ሲሉ ሰማሁ፤ ሌሎቹም «ለእህቷ ነው፣ ታልቅስ፣ ተዋት» ተባባሉ። ለእህቴም ነበር።

እናቴ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ጭንቅላቴን ቀና አድርጋ፣ ነጠላዬን ሳትገልጥ፣ በመዳፏ ጉንጬን ትጠርግልኝ ጀመር፤ እየጠረገች ታየኝ ነበር።